በሎሚ የታጠበው መጥረቢያ

ዕቃ አጽድቼ የተጸጸትኩት በዕድሜዬ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ነገሩ የሆነው ድሬዳዋ ላይ ነው፤ ጣልያን ከወጣ አሥር ዓመት አለፍ ብሎ፣ ባቡሩ ገና በእንፋሎት በሚመጣበት ጊዜ። ከረቡዕ እስከ እሁድ ነው የፈጀው። በእነዚያ ቀናት ዝገት ከበላው ብረት ጋር ስታገል ሰንብቼ፣ ብረቱ ሲጠራ ማየት የማልፈልገውን ነገር አሳየኝ። ረጋ ብላችሁ ስሙኝ፤ በችኮላ የተሠራ በርም፣ በችኮላ የተነገረ ወሬም አይገጥምም።

ያን ጊዜ ሠላሳ ሊሞላኝ ትንሽ የቀረኝ አናጢ ነበርኩ። አናጢ ነበርኩ ስል ለመጎረር ነው፤ እውነቱን ለመናገር ወደ ጅቡቲ የሚጫን ፍራፍሬ የሚታሸግበት ሳጥን ላይ ምስማር ስመታ ነበር የምውለው። ስሜ ታደሰ ነው፤ ከተማው ግን ታደሰ ፋሱ ይለኝ ነበር። ፋስ በእኛ በድሬዎች አፍ መጥረቢያ ነው። ጎበዝ ጠራቢ ስለሆንኩ የወጣልኝ ስም ቢሆን ደስ ባለኝ፤ የወጣልኝ ግን የጌታውን መጥረቢያ ሰረቀ ተብዬ ነው። ሰው ሥራ ላይ ካለበት ብቅ ስል አንዱ ቀልደኛ «ፋሱ መጣ፣ ዕቃችሁን ሰብስቡ» ይላል። ይሳቃል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። አብረው ካልሳቁ እንዲህ ያለ ስም ይብሱን ይጣበቃል።

ነገሩ ከዚያ አራት ዓመት ቀደም ብሎ የተጀመረ ነው። ገንደ ቆሬ ሰፈር፣ ጋሽ ዘውዴ የሚባሉ አናጢ ዘንድ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ከመጋዝ አያያዝ ጀምሮ የማውቀውን ሁሉ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። አባቴን በልጅነቴ ስላጣሁ፣ አባት ሲባል ዓይኔ ላይ የሚመጡት እሳቸው ነበሩ። ጋሽ ዘውዴ በግራ እጃቸው ነው የሚሠሩት። ያ እጅ መጥረቢያ ከያዘ እንጨት ቅቤ ነው። መጥረቢያቸውን ደግሞ ማንም አይነካውም፤ ቢነካውም አይሆነውም። የአናጢ መጥረቢያ ስለቱ የሚሞረደው በአንድ ጎኑ ብቻ ነው፤ ሌላው ጎን ልሙጥ ሆኖ እንጨቱን ተጠግቶ ይወርዳል። የእኛ የቀኝ እጆቹ በቀኝ ጎኑ ይሞረዳል፤ የእሳቸው ግን በግራው። በከተማው እንዲህ ያለ ሌላ መጥረቢያ አላየሁም።

ግቢያቸው ውስጥ ጉድጓድ ነበር። የጎረቤት ልጅ ሊገባበት ለጥቂት ተርፎ፣ ከዚያ ወዲህ በብረት ክዳን ዘግተው ቆልፈውታል። ቁልፉ ከወገባቸው አይለይም ነበር። ጠዋት ጠዋት ከፍተው ውሃ የሚያስቀዱንም እሳቸው ናቸው።

በመጨረሻው ዓመት ግራ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ለማንም አልተናገሩም፤ እኔም እንዳላየ ሆንኩ። አንድ ቀን የበር መቃን ሲጠርቡ መጥረቢያው ሳተ፤ መቃኑ ተበላሸ፣ እጀታውም ተሰበረ። ሌሎቹ ለምሳ ወጥተው ነበር። ምንም ሳልል ሌላ እንጨት ቆረጥኩና ጠርቤ ተካሁት፤ የተበላሸውንም ሰባብሬ ከፍልጡ ጋር ቀላቀልኩት። ሰዎቹ ሲመለሱ የሚያዩት ነገር አልነበረም። ጋሽ ዘውዴ ቁጭ ብለው ሲያዩኝ ነበር። «አዲስ እጀታ እሠራልዎታለሁ» ብዬ ለግራ እጅ የሚመች ጥሩ የወይራ እንጨት ይዤ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ብረቱ በእሳቸው የሥራ ጠረጴዛ ላይ ቀረ። በማግስቱ ጠዋት ብረቱ የለም።

ስድስት ሠራተኞች ነበርን። ጋሽ ዘውዴ ሰበሰቡንና ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በየሃይማኖቱ ይማል አሉ። አምስቱ ማሉ። እኔ ጋ ሲደርስ አልምልም አልኩ። አያቴ በመሬት ክርክር ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቆመው፣ ያውም በእውነት ምለው፣ ዓመት ሳይሞላ ሁለት ልጆች ቀብረዋል። እናቴም «በሐሰት አይደለም፣ በእውነትም እንዳትምል» ብላ ገዝታኛለች። የእናት ግዝት በእኛ ቤት ቀልድ አይደለም። ይህን ከቤታችን ውጪ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ጋሽ ዘውዴ። አንድ ቀን ምሳ ስንበላ ነግሬያቸው «ትልቅ ነገር ነው፣ ጠብቀው» ብለውኛል። ስለዚህ «እሱን ተዉት፣ ምክንያት አለው» ይላሉ ብዬ ዓይን ዓይናቸውን አየሁ። አላሉም። በንዴት ረስተውት ነው ብዬ ራሴው ጠበቃ ቆምኩላቸው።

አልምልም ያለ ሰው በሰው ዓይን የሰረቀ ሰው ነው። በዚያ ላይ ለእጀታው እንጨት ወደ ቤቴ የወሰድኩት እኔ ነኝ። ጋሽ ዘውዴ አልሰደቡኝም፤ አንገታቸውን ደፍተው «በቃ ሂድ» አሉኝ። ያዘኑልኝ መስሎኝ መንገዱን ሙሉ ያለቀስኩት ለእሳቸው ነበር። ሞኝ ነበርኩ፤ ሞኝነቴን ስነግራችሁ አላፍርም።

አራት ዓመት ያንን ስም ተሸክሜ ከኖርኩ በኋላ ጽጌን አገኘሁ። እኔ ሳጥን ስመታ እሷ ብርቱካንና ሎሚ እየለየች ትደረድር ነበር። አባቷ አቶ ደምሴ ባቡር ላይ ይሠራሉ፤ የባቡሩ የውሃ ማፍያ በርሜል ውስጥ እየገቡ የሚያጥቡ ሰው ናቸው። ሽማግሌ ላክሁ። የላክሁትም አባ ጅብሪልን ነው፤ ጋሽ ዘውዴ ጋ አብሮኝ መጋዝ ይስብ የነበረና እኔን ሌባ ነው ብሎ ያላመነ ብቸኛው ሰው። ማክሰኞ ይዞልኝ የመጣው መልስ ይህ ነው። «ልጁን ክፉ አልለውም፤ ግን ለልጅ ልጆቼ የሌባ ልጆች የሚል ስም አላወርስም። ጋሽ ዘውዴ እስከ እሁድ አንድ ቃል ይናገሩለት። ካልተናገሩ ሌላ የጠየቀኝ ሰው አለ።»

አባ ጅብሪል ራሱ ምክር ነበረው። «አቦ ስማኝ፣ ሽምግልና ባዶ እጅ አይኬድም» አለኝ። «የጠፋው ፋስ ነው፤ ፋስ ይዘህ ሂድና እግራቸው ላይ ውደቅ።»

«ያልወሰድኩትን ልካስ?»

«ያልወሰድከውን ስትክስ ነው ሰውየው የሚያፍረው።»

ለሌላ አገር ሰው እብደት ሊመስል ይችላል፤ ለእኛ ግን ትክክል ነበር። ከጽጌ ከምለይ ያልበላሁትን ዕዳ ብከፍል ይሻለኛል ብዬ ተስማማሁ።

አዲስ መጥረቢያ ሱቅ ሞልቷል። ጋሽ ዘውዴ ግን አዲስ ብረት «ሊጥ ነው» እያሉ ይንቁ ነበር። አሮጌ፣ ጥሩ ብረት ፈልጌ፣ አጽድቼ፣ በግራ ጎኑ ሞርጄ ልወስድላቸው አሰብኩ። ረቡዕ ቀፊራ ገበያ ወረድኩ። አብዲ የሚባል አሮጌ ብረት የሚሸጥ ሶማሌ ደንበኛዬ ነበር። ገና ከሩቅ ሲያየኝ «ዋርያ ፋሱ! ለአንተ የሚሆን ፋስ አለኝ» ብሎ በራሱ ቀልድ ሳቀ። ከጆንያ ውስጥ ያወጣው ነገር ብረት ይሁን ድንጋይ አይለይም፤ ጭቃና ዝገት አንድ ላይ ደርቀውበታል። በምስማር መታ መታ አድርጌ ጆሮዬን ደቀንኩ። ጥሩ ብረት ከዝገት ሥር ሆኖም ይጮኻል፤ ይሄኛው ጮኸ። እንደ ወጉ ተጨቃጭቀን ገዛሁት።

ማታውን ላምባ ውስጥ ዘፍዝፌው አደርኩ። ሐሙስ ሥራ ቀርቼ ደጃፌ ላይ በርጩማ አውጥቼ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ጭቃውን በእንጨት አነሳሁለት፤ ቀጥዬ በሽቦ ብሩሽ ፈገፈግሁት። ዝገቱ ቀይ ዱቄት እየሆነ ጉልበቴ ላይ ይወርዳል። ሥራው ሲያስደስተኝ ለራሴም ገረመኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ ከሳጥን ምስማር ሌላ ነገር እጄ ገብቷል። የተበላሸ ዕቃ እጅ ውስጥ እየዳነ ሲመጣ ሰውም አብሮ ይድናል ብዬ አስብ ነበር፤ ያን ቀን ጠዋት በተለይ።

ከዝገቱ ሥር ግን ወዲያው ብረት አልወጣም። ነጭ፣ ጠንካራ ቅርፊት ወጣ፤ ጥፍር አይገባበትም። ግንበኛ ኖራ ሲያማስልበት የኖረ መጥረቢያ ነው አልኩና ግንበኛውን ሰድቤ ወደ ሎሚው ሄድኩ። ሎሚውን የሰጠችኝ ጽጌ ናት፤ ላኪዎቹ የማይፈልጉትን ትንንሹን በጨርቅ ቋጥራ። ጣሳ ውስጥ ጨምቄ ብረቱን ስከትበት ወዲያው ፍስስ ብሎ ነጭ አረፋ አወጣ። ድሬ ያደገ ሰው ይህን ድምፅ ያውቀዋል። የድሬ ውሃ ድንጋይ አለበት፤ በራዱን ስታፈሉበት ከርማችሁ ውስጡን ብታዩት ነጭ ሆኖ ተጋግሯል። የሚያስለቅቀውም ሎሚ ነው። እኔም ድምፁን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ግን ጆሮዬ የሰማውን ልቤ አልሰማም፤ ልቤ እሁድ ላይ ነበር።

ሎሚውን ሦስት ጊዜ ቀየርኩ። ፀሐይዋ አናት ላይ ወጥታ ከተማው በሩን ዘግቶ ሲያሸልብ እኔ ገና እያሸሁ ነበር። በመጨረሻ በጨርቅ ስወለውለው አመድማ፣ ንጹህ ብረት ወጣ። ያማረ ነበር። የቀረኝ እጀታ የሚገባበት ቀዳዳ ውስጡ ብቻ ነው፤ እሱን ለመጨረሻ አቆየሁትና ሞረዴን አነሳሁ። በግራ ጎኑ ልሞርደው አገላበጥኩት። ግራ ጎኑ ተሞርዷል። ቀኝ ጎኑ ልሙጥ ነው።

መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው፤ እውነቱን ልንገራችሁ። ዕድሌ ሰመረ፣ ሥራ ተቀነሰልኝ አልኩ። ሞረዱን አስቀምጬ ደንደሱን በአውራ ጣቴ ዳሰስኩት። ጫፉ ላይ የግማሽ ጥፍር ያህል ተሸርፏል። ያንን ሽራፊ የሠራሁት እኔ ነኝ። በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት፣ መዶሻ አጥቼ በጋሽ ዘውዴ መጥረቢያ ደንደስ ወፍራም ብሎን መታሁ። በጥፊ ያጮሉኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

እጄ ላይ የነበረው ሰረቅህ የተባልኩት መጥረቢያ ነበር።

ዞር ዞር ብዬ መንገዱን አየሁ። ሌባ እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ እኔም አደረግሁት። ሰው ቢያየኝ ምን ይላል? «ይኸው፣ አራት ዓመት ደብቆ ሲጨንቀው አወጣው» ነው የሚለው። ይህን ይዤ ጋሽ ዘውዴ እግር ላይ ብወድቅ በገዛ እጄ ሌብነቴን መፈረሜ ነው። ብረቱን በጨርቅ ሸፈንኩት። ያን ጊዜ ነው ጣሳው ውስጥ ያለውን ነጭ አተላ ያየሁት። ጠዋት የሰማሁት ድምፅ ጆሮዬ ላይ ተመልሶ መጣ።

ግንበኛም ኖራም የለም። ይህ ብረት ዓመታት ውሃ ውስጥ ተኝቶ ነበር። ሌባ የሰረቀውን ይሸጣል ወይም ይሠራበታል፤ ውሃ ውስጥ ምን ያደርግለታል? አልሰረቅኩም ብሎ ሊናገርልኝ የሚችል አንድ ምስክር በዚህ ዓለም ላይ ነበረኝ፤ እሱም ያ ቅርፊት ነው። እኔ በጽጌ ሎሚ ከጠዋት እስከ ቀትር ሳቀልጠው ዋልኩ። ራሴን ያዝኩ። ከዚያ ቀዳዳው ትዝ አለኝ። ወደ ፀሐይ አዙሬ አየሁ፤ ውስጡ ዙሪያውን ነጭ ነው፤ ሎሚው ጠርዙን በላ እንጂ ውስጡን አልጨረሰውም። ሎሚውን በብዙ ውሃ አጥቤ አስለቀቅኩትና አደረቅኩት።

ዓርብ ጠዋት አብዲ ጋ ሄድኩ። ከየት እንዳመጣው ስጠይቀው ተቆጣ፤ የተሰረቀ ዕቃ አልገዛም አለኝ። አይደለም፣ ቦታውን ብቻ ንገረኝ አልኩት።

«ወላሂ ከጉድጓድ የወጣ ነው» አለ። «ጉድጓድ ጠራጊዎች ናቸው ያመጡት፣ ከባልዲና ከሰንሰለት ጋር። ከጉድጓድ የወጣ ብረት የጠራጊው ነው፣ አንተም ታውቃለህ።»

«የማን ጉድጓድ?»

«ገንደ ቆሬ፣ የሽማግሌው አናጢ። ታሞ ተኝቶ ነበር፤ ሚስቱ ናት ያስጠረገችው፣ ውሃው አነሰ ብላ።»

የጉድጓዱ ክዳን ቁልፍ ከማን ወገብ ላይ እንደሚውል ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ልቤ ግን እሺ አላለኝም። ሌላ ሰው ቁልፉን ሰርቆ ይሆን? ወድቆ ገብቶ ይሆን? እስከ ገንደ ቆሬ ድረስ ለጋሽ ዘውዴ ሰበብ ስፈልግላቸው ሄድኩ። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይባላል፤ የወደቀው ሰው ግን መሬት እስኪነካው ድረስ ፈረሱን ያምነዋል።

ከቀትር ዕረፍት በኋላ ነበር። ጋሽ ዘውዴ ከሥራ ቤታቸው ደጃፍ ለብቻቸው ተቀምጠዋል። ከስተዋል። ግራ እጃቸው ጭናቸው ላይ ሆኖ ይርገበገባል። ጉድጓዱ ዳር ከውስጥ የወጣው ጭቃ ገና አልተነሳም። ሰላምታ ሰጥቼ ጨርቁን ፈታሁ።

ግራ እጃቸው እሳቸውን ሳይጠይቅ ተዘረጋ። ብረቱን ተቀብለው ስለቱን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። ከየት አገኘኸው አላሉኝም። ለረጅም ጊዜ አይተው አይተው፣ «ውሃው ብዙ አልበላውም» አሉ።

እኔ ስለ ውሃ አላነሳሁም ነበር።

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። እሳቸውም የተናገሩት ያን ጊዜ ገባቸው መሰለኝ፣ ዓይናቸውን ከእኔ አነሱ። ከዚያ ሳልጠይቃቸው መናገር ጀመሩ። መቃኑ የተበላሸ ዕለት እንቅልፍ አልወሰዳቸውም። እጃቸው እንደከዳቸው ከእኔ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም። በማለዳ ተነስተው ብረቱን ሲያዩት ንዴት አነቃቸው፤ ጉድጓዱን ከፍተው ወረወሩት። ሠራተኛው ገብቶ መጥረቢያው የት ሄደ ሲል፣ በንዴት ውሃ ውስጥ ጣልኩት ማለት አፈሩና ጠፋ አሉ። ጠፋ ያሉት ነገር ደግሞ ሰራቂ ይፈልጋል።

«ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር» አሉኝ። «አንተ ግን መቃኑን ተክተህ፣ ፍልጡን ደብቀህ፣ እንደ ሕፃን ልጅ ሸፈንከኝ። ነገ ሥራ ቤቱም ያንተ እንደሚሆን አየሁት።»

ይህን ሁሉ ችዬ ሰማሁ። ታመዋል፣ አፍረዋል፣ ሰው ናቸው አልኩ። አንድ ነገር ግን መጠየቅ ነበረብኝ።

«ይማሉ ያሉት እርስዎ ነዎት። እንደማልምል ያውቁ ነበር፤ ረስተውት ነው?»

ብረቱን ጭናቸው ላይ አገላበጡት።

«ሌሎቹ እንዲምሉ አልነበረም የጠራሁት» አሉ።

አንባቢዎቼ፣ ሌባ መባልን አራት ዓመት ተሸክሜዋለሁ፤ ይህን ግን ያን ቀን ከተቀመጥኩበት ማንሳት አቃተኝ። የእናቴን ግዝት፣ የሞቱትን ሕፃናት፣ ለማንም የማንነግረውን የቤታችንን ፍርሃት እንደ አባት አምኜ ነገርኳቸው። እሳቸው ዕቃ ሳጥን ውስጥ እንደሚቀመጥ መሮ አስቀምጠው፣ የሚቆርጥበት ቀን ሲደርስ አውጥተው ቆረጡበት። «ጠብቀው» ያሉኝን ቃል እኔ ጠብቄ ነው የጠፋሁት። አለቀስኩ፤ በዚህኛው ጊዜ ለራሴ ነው።

ጋሽ ዘውዴ የመጣሁበትን ጉዳይ አስቀድመው ከአባ ጅብሪል ሰምተው ኖሯል። ለአቶ ደምሴ ቃል እልካለሁ አሉ። «መጥረቢያዬን መልሶልኛል፤ ይቅር ብዬዋለሁ እላለሁ። ልጅቷን ታገባለህ፣ ነገሩም ያልቃል።»

አስቡት። እሺ ብል ጽጌ የእኔ ናት። ግን ይቅር የተባለ ሌባ ሆኜ ነው የማገባት፤ ልጆቼም የዚያ ሰው ልጆች ናቸው። እምቢ ብል ደግሞ እጄ ላይ ያለው የተሰረቀው ዕቃ ራሱ ነው፤ ማን ያምነኛል? ብረቱን ከጭናቸው ላይ አነሳሁ። «ይቅርታዎን አይላኩ» አልኳቸው። እንዲያም ሆኖ አንቱ ማለት አልተውኩም፤ ምላሴ እስከ ዛሬ እምቢ ይለኛል። እሳቸው እሺም እምቢም አላሉም።

ቅዳሜ አባ ጅብሪልን ይዤ አቶ ደምሴ ቤት ሄድኩ። ሁሉንም ከመጀመሪያው ነገርኳቸው። አቶ ደምሴ ፊታቸው አይፈታም፤ ሲሰሙ ቆይተው «ወሬ ነው፤ ምን ይዘሃል?» አሉኝ። ብረቱን ሰጠኋቸውና ቀዳዳውን እንዲያዩ ለመንኳቸው።

ወደ በሩ ብርሃን ሄደው አዩት። ከኪሳቸው ስለት አወጡና ከውስጡ ጥቂት ቅርፊት ፈንቅለው መዳፋቸው ላይ አኖሩት። ያን ጊዜ ነው ይህ ሰው ዕድሜያቸውን ሙሉ ባቡር ሆድ ውስጥ ገብተው ይህንኑ ሲፍቁ እንደኖሩ ትዝ ያለኝ። በምላሳቸው ነኩት፤ በጥፍራቸው ሰነጠቁት። «ድርብ ድርብ ነው» አሉ ለራሳቸው። «ይሄ የአንድ ዓመት ውሃ አይደለም። ሦስት ይሆናል፤ አራትም ይሆናል።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ውጪውን ለምን አጸዳኸው? ሙሉውን ብታመጣው ማንም ሰው ያየው ነበር። አሁን የሚያነበው እኔ ብቻ ነኝ።»

«ስጦታ ሊሆን ነበር» አልኩ።

ቁጭ አሉ። አባ ጅብሪል ሊናገር ሲል በእጃቸው አስቆሙት።

«ማል ብልህስ? እዚህ፣ አሁን።»

«አልምልም።»

«ልጄን ብከለክልህም?»

ጽጌ ከመጋረጃው ወዲያ እንደቆመች አውቃለሁ፤ ትንፋሿን እሰማ ነበር። ጥያቄው አላስቸገረኝም፤ መልሱ ምን እንደሚያሳጣኝ ግን አውቅ ነበር።

«ቢከለክሉኝም።»

አቶ ደምሴ ብረቱን በጨርቁ ጠቅልለው መለሱልኝ። «ያኔም ያልማልከው ስለሰረቅክ አይደለም። ነገ ሽማግሌዎችህን ላካቸው» አሉ።

እሁድ ሽማግሌዎቹ ሄዱ፤ ጽጌም ተሰጠችኝ። ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ እኔም ደስ ባለኝ። ግን ያን ዕለት ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አንድ የማውቀው ሰው ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «እንኳን መለስክላቸው፤ እሳቸውም ይቅር ብለዋል አሉ» አለኝ። ጋሽ ዘውዴ አይላኩ ያልኳቸውን ይቅርታ ልከውታል። ለአቶ ደምሴ አይደለም፤ ለከተማው። ከሳምንት በኋላ ያልሰማ አልነበረም። ከዚያ በፊት ሰረቀ የሚሉኝ በጥርጣሬ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በማስረጃ ሆነ።

ሁለት ዓመት ቆይተው ሞቱ። ልቅሶ ደረስኩ፤ ስድስት ዓመት ያስተማሩኝ ሰው ናቸው፣ አይቀርም። ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው፣ ማንነቴን ሳያውቅ፣ ደግነታቸውን ያወራልኝ ጀመር። «ሌባውን እንኳ ይቅር ያሉ ሰው ናቸው» አለኝ። አዎ ናቸው አልኩት። ምን ልበለው? ስም ከመቃብር በላይ ይውላል፤ የእሳቸውም ዋለ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። እኔ በዕድሜዬ ያየሁት፣ ሲጠራ የሚያየው ሁሉም ሰው አለመሆኑን ነው። ለእኔ አንድ ሰው አየልኝ፤ እሱም የጽጌ አባት ሆነ፣ ዕድለኛ ነኝ። በኋላ የራሴን ሥራ ቤት ስከፍት ስንት ዕቃ ጠፍቶብኛል፤ አንድም ሰው አስምዬ አላውቅም። ይሄ ጥሩ ጎኔ ነው። መጥፎውንም ልንገራችሁ። አብሮኝ የሚሠራ ሰው ምሳ ላይ ስለ ቤቱ፣ ስለ እናቱ፣ ስለሚፈራው ነገር ሊነግረኝ ሲጀምር አስቆመዋለሁ። «አትንገረኝ፣ ለሚያስፈልግህ ሰው አስቀምጠው» እለዋለሁ። ጽጌ ድንጋይ ሆንክ ትለኛለች። ልክ ናት። በራዱን በሎሚ ስታጥብም ያንን ድምፅ መስማት ስለማልችል ተነስቼ እወጣለሁ፤ እሷም ለምን እንደሆነ ታውቃለች፣ አትጠራኝም።

መጥረቢያው አለኝ። በየዓመቱ ዘይት እቀባዋለሁ፤ የቀዳዳውን ውስጥ ግን ነክቼው አላውቅም። ያን ጊዜ ለጋሽ ዘውዴ ግራ እጅ የጠረብኩት የወይራ እጀታም አለ፤ ሁለቱም አንድ ግድግዳ ላይ፣ ለየብቻ ተሰቅለዋል። ልጆቼ፣ እናንተም ብትመጡ ትሉኛላችሁ፣ ለምን አትገጥማቸውም ይሉኛል። እጀታው ከገባ ውስጡ አይታይም እላቸዋለሁ።